ክር የሌላት ካሴት

ባለፈው ቅዳሜ ቤት ስንቀይር፣ የድሮ ማርክ ሊስትና የፈተና ወረቀት ያጨቅኩበት ካርቶን ውስጥ አንዲት ካሴት አገኘሁ። ክር የላትም። ከጎኗ ቀጭን ጥቁር ገመድ ወጥቷል፤ የገመዱ ጫፍ ላይ የኢርፎን ዓይነት ጃክ አለ። ገመዱ መሐሉ ላይ ተበጥሶ ሽቦዎቹ ተልጠዋል። አንደኛው ሽቦ ተቋጥሮ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ሌላኛው እንደተላጠ ቀርቷል። ጠጋኙ ሥራውን አልጨረሰም። ያላስጨረስኩት እኔ ነኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። "አባ፣ ይሄ ምንድነው?" አለችኝ። "ካሴት ነው" አልኳት። "ካሴት ምንድነው?" አለች። እዚህ ላይ ተያዝኩ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ አክሱም ሐውልት ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም አወራለሁ። ይቺን ነገር ግን ከየት ጀምሬ እንደማስረዳት ጠፋኝ። ለሷ ያሰብኩትን መልስ ለናንተም ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከመኪና ሬዲዮ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1930 ጋልቪን የሚባሉ ወንድማማቾች አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ ለመኪና የሚገጠም ሬዲዮ ለገበያ አወጡ። ስሙንም ሞቶሮላ አሉት። አዎ፣ ኋላ በስልክ የምናውቀው ሞቶሮላ ስሙን ያገኘው ከመኪና ሬዲዮ ነው። ዋጋው ከ110 እስከ 130 ዶላር ነበር። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ በነበረችበት ዘመን ይሄ ቀልድ አይደለም። ደግሞ ሬዲዮ የሚያሰማህ እሱ የመረጠልህን ነው። ሰው የራሱን ዘፈን መስማት ይፈልጋል።

ስለዚህ ክራይስለር የተባለው ኩባንያ በ1956 ሞዴል መኪኖቹ ላይ የሸክላ ማጫወቻ ገጠመ። ሸክላ! ያውም በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ። ነገር ግን ማጫወቻው የሚቀበለው ለሱ ብቻ ተብሎ የታተመ፣ ከተለመደው ሸክላ በጣም በዝግታ የሚዞር ልዩ ሸክላ ነበር። ቤትህ ያለውን ሸክላ ይዘህ ብትመጣ አይሠራም። እንደ አዲስ ከነሱው መግዛት ነው። ነገርዬው ብዙም ሳይቆይ ቀረ።

ይሄን ያዙልኝ፤ የራሱን ዕቃ ብቻ የሚቀበል መሣሪያ ነበር።

አሁን ወደ ካሴት እንምጣ። ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ ካሴትን በ1963 በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ለኔ ትልቁ ታሪክ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ውሳኔ ነው፤ ኩባንያው ሌሎች ፋብሪካዎችም ካሴቱን ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ፈቀደ። በዚህ የተነሳ ጃፓን የተሠራ ካሴት ጀርመን በተሠራ ቴፕ ውስጥ ይገባል። ልኩ አንድ ነው። ልኩ አንድ ስለሆነ ረከሰ፤ ስለረከሰም እኛ ጋ ደረሰ።

እኛ ጋ ከዚያ በፊት ሸክላ ነበር። አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ እ.ኤ.አ. በ1969 ጀምሮ ስንቱን የምንወደውን ድምፅ አስቀርቶልናል። በ1970ዎቹ መገባደጃ ላይ ግን የሸክላው ዘመን አብቅቶ ካሴት ቦታውን ወሰደ። ካሴት ደግሞ ሸክላ ያልገባበት ገባ። መብራት በሌለበት በድንጋይ ይሠራል። ክሩ ቢፈታ በቢክ እስክሪብቶ ታጠነጥነዋለህ። ዐረብ ሀገር ያለች እህት ድምፅዋን ቀድታ ትልካለች፣ እናት ጎረቤት ሰብስባ ትሰማለች፣ መልሱም በዚያው ካሴት ጀርባ ይቀዳል። ካሴት ለኛ ፖስታ ቤትም ነበር ማለት ነው።

አባቴ ላዳ ታክሲ ነበር የሚነዳው። ጋቢና ውስጥ፣ እግሬ ሥር፣ የካሴት ካርቶን ነበረች። ጥላሁን፣ ሙሉቀን፣ አስቴር፣ እንዲሁም የአጎቴ የሰርግ ካሴት። በ1997 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ "ያስተሰርያል" ሲወጣ እኛ ሰፈር ብዙዎቻችን ካሴቱን ሳንገዛ ነው አልበሙን በቃል የያዝነው። ከታክሲ ታክሲ እየሰማን። ዘፈን በመኪና ነበር የሚከፋፈለው።

ችግሩ የመጣው ዘፈን ከካሴት መውጣት ሲጀምር ነው። ሶኒ በ1979 ዎክማንን አመጣ፤ ዘፈን ኪስ ውስጥ ገባ። እሱ እንኳ ካሴት ስለሚያጫውት ከመኪናው ጋ አይጣላም። ቀጥሎ ሲዲ በ1982፣ በእጅ የሚያዘው የሲዲ ማጫወቻ በ1984፣ ከዚያም በ1998 የመጀመሪያዎቹ የኪስ ኤም ፒ ስሪ ማጫወቻዎች መጡ። ዘፈኑ በየጥቂት ዓመቱ ልብሱን ይቀይራል። መኪና ግን እንደዚያ አይቀየርም። አሜሪካ እንኳ ከፋብሪካ ካሴት ማጫወቻ ይዞ ለገበያ የቀረበ መኪና እስከ 2010 ሞዴል ድረስ ነበር። አሜሪካ እንዲህ ከሆነ የኛን አስቡት። እኛ ሀገር መኪና ይወረሳል እኮ!

እና ሰው ምን ያድርግ? በእጁ አዲስ ማጫወቻ አለ፣ በመኪናው ውስጥ የድሮ ቴፕ አለ። ባለገንዘቡ ቴፑን አስነቅሎ አዲስ ያስገጥማል። ሌላውስ?

ይቺ ካሴት ለሌላው የተሠራች ናት። ላሪ ሾትዝ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1980ዎቹ ነው ያመጣት። አሠራሯን ስሙኝማ። ቴፑ ውስጥ "ሄድ" የምንላት ትንሽ ብረት አለች። ክሩ ፊቷ ላይ እየተሳበ ሲያልፍ፣ ክሩ ላይ የታተመው ማግኔት ከፍ ዝቅ ሲል ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጠዋለች፤ ያ ነው ድምፅ የሚሆነው። ሰውዬው ያሰበው እንዲህ ነው፦ ሄዷ የምታውቀው ማግኔቱን እንጂ ክሩን አይደለም። ስለዚህ በክሩ ቦታ ሌላ ሄድ አስቀምጬ ፊት ለፊት ላገናኛቸው። ከማጫወቻው በገመድ የሚመጣው ድምፅ አንደኛዋ ሄድ ላይ ማግኔት ይሆናል፣ የቴፑ ሄድ ታነበዋለች። ውስጧ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ደግሞ ቴፑ "ክሩ አልቋል" ብሎ እንዳይቆም ወይም እንዳይገለብጥ ዝም ብለው ይሽከረከራሉ። ቴፑ ተሸወደ ማለት ነው። አንድም ሽቦ ሳይቆረጥ፣ አንድም ብሎን ሳይፈታ።

እኔ ያወቅኳት በ2001 ዓ.ም. ነው። ኮሌጅ ዲፕሎማዬን እየተማርኩ አንዲት የቻይና ኤም ፒ ስሪ ገዛሁ። የአባቴ ካሴቶች በዚያን ጊዜ ክራቸው ላልቶ የጥላሁን ድምፅ እንደ ሰካራም ይጎተት ጀምሮ ነበር። ዘፈኖቹን በሙሉ ሙዚቃ ቤት አስጫንኩና መኪናው ላይ እንዴት እንደማገናኘው ጨነቀኝ። አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ "ቴፑን መቀየር ነው" አለን። የጠራው ዋጋ የአባቴን የብዙ ቀን ገቢ ነበር። ሶማሌ ተራ አንድ ልጅ ግን ከመደርደሪያ ሥር ይቺን ዓይነት አወጣና "ስልሳ ብር፣ ካልሠራ ትመልሳለህ" አለኝ።

አባቴ ሲከታት ዘፈነች። አወጣት፣ አገላብጦ አየ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ክር ፈለገ። መልሶ ከተተ። "ባዶ ሆና እንዴት ነው የምትዘፍነው?" አለ። ያን ቀን ተሳፋሪ ሳንጭን አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ሰማን። ነዳጅ የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሞተሩን አላጠፋም።

የካሴት መክተቻ የሌለው መኪና ሌላ መላ መጣለት። የሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የምትሰካ፣ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ የምትቀበል ትንሽ የኤፍ ኤም ማሰራጫ። ዘፈኑን በጣም ደካማ በሆነ ሞገድ ትለቀዋለች፣ ሬዲዮው ጣቢያ መስሎት ይቀበላል። እንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. እስከ ታኅሣሥ 2006 ድረስ ይቺን መጠቀም ሕገ ወጥ ነበር፤ በሕጉ ዓይን ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ጣቢያ እንደ መክፈት ነው። እኛ ጋ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ነው የተጀመሩት፤ ስለዚህ ያኔ ሬዲዮኑ ላይ ገና ብዙ ባዶ ቦታ ነበር። ሹፌሩ ሁሉ ባዶ ቦታ ፈልጎ የራሱን ጣቢያ ከፈተ። ትዝ ይላችኋል? መብራት ላይ ቆመን እኛ ትዝታ እየሰማን፣ የጎን ሚኒባስ ስብከት ይገባብናል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሰባኪው እየራቀ ይሄዳል፣ ትዝታችን ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አዳዲሶቹ ቴፖች የጃክ ቀዳዳ ይዘው መጡ። ቀዳዳዋ አዲስ ትምሰል እንጂ አያቷ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ቤት ሠራተኞች መስመር የሚያገናኙባት መሰኪያ ናት። ቀጥሎ ብሉቱዝ መጣ፤ ስሙ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ የዴንማርክ ንጉሥ የተወሰደ ነው።

የድሮ መኪና ለምትነዱ በዚሁ ልምከራችሁ። የጃክ ቀዳዳ ካለው ተራ ገመድ ይበቃችኋል፣ ከሁሉም ይረክሳል። ቴፑ ካሴት የሚጎትት ከሆነ ባለገመዷን ካሴት ፈልጉ፤ ሄዷን በአልኮል ጥረጉና ክተቷት፣ ድምፅዋ ከኤፍ ኤሟ ይጠራል። ኤፍ ኤሟን የግድ ካላችሁ ከጣቢያዎች ራቅ ያለ ቁጥር ምረጡ፤ ስልኩን ጥግ ድረስ አትጩኹበት፣ ድምፁ ይቀደዳል። ሌላ ምንም ሳትሞክሩ ቴፑን አስነቅሉ የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

አሁን ወደዚያች ያላለቀች ገመድ ልመለስ።

2004 ዓ.ም. ነው። አዲስ አስተማሪ ነበርኩ፣ ክራባት የማደርግበት ጊዜ። ዘጠነኛ ክፍል የኢንዱስትሪ አብዮትን እያስተማርኩ፣ ጄምስ ዋት ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ስል፣ መጨረሻ ወንበር ላይ አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሽቦ በጥርሱ ይልጣል። ሄድኩና ቀማሁት። "ቲቸር፣ የወንድሜ ነው፣ ታክሲው ላይ ነው የሚጠቀምበት፣ ዛሬ እሠራልሃለሁ ብዬው ነው" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። "ወላጅ አምጣ" ብዬ አስወጣሁት። ወላጅ አልመጣም። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ይመጣ ነበር፣ ዝም ይል ነበር፣ ካሴቷን ግን አልጠየቀኝም። በሚቀጥለው ሴሚስተር አላየሁትም። በኔ ምክንያት ነው አልልም። አይደለም ብዬም መማል አልችልም።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ያን ቀን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሰውዬ። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ከባዶ አልፈጠረም። ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕቃ ሠሪ ነበር። በ1763 መገባደጃና በ1764 መጀመሪያ የኒውኮመን ሞተር ትንሽ ሞዴል ተበላሽቶ "ጠግንልን" ተብሎ ተሰጠው። ሲጠግን ነው እንፋሎቱ በከንቱ እንደሚባክን ያየው። የኢንዱስትሪ አብዮት ብለን የምናስተምረው ትልቅ ነገር አንድ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ አልፏል። እኔ ጠጋኙን እያስተማርኩ ጠጋኙን አባረርኩ።

የባሰው ደግሞ እኔ የሹፌር ልጅ ነኝ። ያቺ ካሴት አንድ ታክሲ ውስጥ ምን እንደምታደርግ ከዚያ ክፍል ሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

መማሪያ መጽሐፋችን ታሪክን ከፈልሳፊ ወደ ፈልሳፊ ይዘላል። አዲሱ መጣ፣ አሮጌው ቀረ ይላል። አብዛኛው ሰው ግን የኖረው በመሐል ነው፣ አሮጌው መኪና ላይ አዲሱን ዘፈን እያገናኘ። ያን የሚያገናኙት ልጆች ስማቸው የትም አልተጻፈም። ለልጄም በመጨረሻ እንዲህ አልኳት፦ "ይቺ የድሮ ቴፕ አዲስ ዘፈን እንዲዘፍን የምታደርግ ናት። አንድ ተማሪዬ ሊጠግናት ነበር።" "ለምን አልጠገናትም?" አለች። ነገርኳት።

የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ እዚህ ገጽ ላይ አላችሁ፤ ማን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ስሙን እዚህ አትጻፉት፣ ለሱ ብቻ አድርሱልኝ። አንተም ይሄን ካየኸው፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ካሴትህ እኔ ጋ ናት፣ ገመዷን አልነካሁትም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ያለህበት ድረስ አመጣልሃለሁ። ለወንድምህም እኔው ራሴ አስረዳዋለሁ።

መልካም ሳምንት ለሁላችሁም።