የደበዘዘው ቀለምና የጸናው ማኅበር
ስለ ሠዓሊው ጆሹዋ ሬይኖልድስ

አንድ ባለሙያ ለተተኪዎቹ የሚያወርሰው የሠራውን ሥራ ብቻ ነውን? ወይስ ሲሠራ የሳተውንም ጭምር? የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የጆሹዋ ሬይኖልድስ ታሪክ ይህን ጥያቄ ያስነሣል።

ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1723 በዴቨን አውራጃ በፕሊምፕተን ከተማ ተወለደ። በ1740 ለንደን ሄዶ ከቶማስ ሐድሰን ዘንድ ሙያውን ተማረ። በ1749 በኬፕል መርከብ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ከተጓዘ በኋላ ሮማ ተቀምጦ የሚኬልአንጄሎንና የራፋኤልን ሥራዎች አጠና። በተመለሰም ጊዜ ይህንኑ ኬፕልን በማዕበል ዳር ሲራመድ፣ የጥንት ሐውልት አቋም አስይዞ ሣለው። በዚያን ዘመን ዝቅ ተደርጎ ይታይ የነበረውን የሰው መልክ ሥዕል ወደ ታሪክ ሥዕል ማዕረግ ለማድረስ መጣሩ ከዚህ ይታወቃል። ዝናውም በመስፋቱ በ1758 ብቻ 150 ያህል ሰዎች ሊሣሉ ከፊቱ ተቀምጠዋል፤ ልብሱን አብዛኛውን ጊዜ ረዳቶቹ ይቀቡ ነበር።

በ1768 ንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሲቋቋም ሬይኖልድስ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። አካዳሚው ተማሪዎችን በነፃ አስተማረ፤ ከ1769 ጀምሮም በየዓመቱ የሥዕል ትርኢት አሳየ። ጉድለት ግን አልታጣበትም። ከመሥራቾቹ መካከል አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር የተባሉ ሁለት ሴቶች ቢገኙም፣ ከእነርሱ በኋላ ሴት በሙሉ አባልነት የተመረጠችው በ1936 ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቀለሙ ዕጣ ነው። ሬይኖልድስ የጥንት ጌቶችን ድምቀት ፍለጋ ሰምን፣ ሬንጅንና ቫርኒሽን ከዘይት ቀለም ጋር ይቀላቅል ነበር። ለፊት ቆዳ የተጠቀመበት ቀይ ቀለም ብርሃን የማይችል ስለ ነበረ፣ አንዳንዱ ፊት የተሣለው ሰው በሕይወት ሳለ ገረጣ፤ ሌላውም ሸራ ተሰነጣጠቀ።

ከ1769 እስከ 1790 በአካዳሚው ያሰማቸው 15 ንግግሮች ስለ ላቀ ስልትና ስለ ጣዕም በሰፊው ሲያትቱ፣ ስለ ቀለም አዘገጃጀት የሚሉት ጥቂት ነው። የአካዳሚው ትምህርት ቤትም በመጀመሪያ ንድፍን እንጂ ቀለም ቅብን አላስተማረም፤ የቀለም ቅብ ክፍል የተከፈተው እርሱ በ1792 ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሙከራውን ውጤት የመዘገበው ጣሊያንኛና እንግሊዝኛ በቀላቀለ የግል ማስታወሻ ነበር። ዛሬ የሥዕል ጥገና ባለሙያዎች ከንግግሮቹ ይልቅ ይህን ማስታወሻ ይመረምራሉ።

ሥራው ክብሩን አላጣም፤ ከደቡብ ባሕር ደሴቶች የመጣውን ማይን የሣለበት ሸራ በ2023 በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ለሕዝብ ተገዝቷል። ሆኖም እርሱ በአደባባይ ያስተማረው ስለሚያምርበት ነገር ነው፤ የሳተውን ለብቻው ይዞት ኖረ። የሙያ ማኅበር ስብሰባና መጽሔት የተሳካውን ሥራ ለማወደስ ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም በግልጽ ለመነጋገር ቢውሉ፣ ተተኪው ትውልድ ያንኑ ስሕተት ዳግመኛ በራሱ ሸራ ላይ ከመማር ይድን ነበር።