ምርኩዝ፦ ለ«ዲፔንደንሲ» የሚሆን የአማርኛ ቃል

«ጋሼ፣ ሦስቴ አራገፍኩት፣ ሦስቴ መልሼ ጫንኩት። ያው ነው።»

ይህን ያለችኝ አብራን የምትሠራ ወጣት ናት። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። አዲስ ባዘጋጀነው የኡቡንቱ 22.04 ሰርቨር ላይ ደረሰኞችን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ፕሮግራም መጫን ነበረባት፤ የሂሳብ ክፍሉ ጠዋት ሥራ የሚጀምረው በእሱ ነው። ተርሚናሉ ግን አንድ መልስ ብቻ ይመልስላታል፦ ዲፔንደንሲው አልተሟላም። ከሥሩ የፕሮግራሙ ስም ተጽፏል። ከስሙ ቀጥሎ ደግሞ «ሊብኤስኤስኤል 1.1 ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ሊጫን የሚችል አይደለም» ይላል።

«ዲፔንደንሲ ሲል ምን ማለቱ ነው?» አልኳት።

«ጥገኝነት ነዋ ጋሼ። ፕሮግራሙ ጥገኝነት አለበት።»

ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ለዓመታት ለተለማማጆች ስናገር «ዲፔንደንሲ ማለት ጥገኝነት ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ። ቃሉ ምን እንዳደረጋት የገባኝ ያን ምሽት ነው። ፕሮግራሙ ጥገኝነት «አለበት» ከተባለ ሕመሙ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ እሱን ትነቅላለች፣ እሱን ትተክላለች። ፕሮግራሙ ግን ደህና ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የስህተት መልእክቱም የጎደለውን በስሙ ጠርቶታል። የእኛ ትርጉም ዓይኗን ወደተሳሳተው ወገን አዞረው።

ስለዚህ ይህን ቃል እንደገና መተርጎም አለብን እላለሁ። የማቀርበው ቃል «ምርኩዝ» ነው።

ዲፔንደንሲ ምንድን ነው?

ሰርቨር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሁሉን ነገር ከባዶ አይሠራም። መረጃ አመስጥሮ በኢንተርኔት መላክ ካስፈለገው የምስጠራውን ስሌት ራሱ አይጽፍም፤ ሌሎች ሠርተውና ፈትነው ያስቀመጡትን ላይብረሪ ይጠቀማል። ኦፕንኤስኤስኤል ለዚህ ሥራ በብዛት ከሚያገለግሉት ላይብረሪዎች አንዱ ነው፤ ሊብኤስኤስኤል ደግሞ የእሱ ክፍል ነው። ፕሮግራሙን ጠቅልሎ የሚያቀርበው ባለሙያ ጥቅሉ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ «ይህ እንዲሠራ እነ እገሌ፣ ከዚህ ቨርዥን ጀምሮ፣ መኖር አለባቸው» ብሎ ይዘረዝራል። እዚያ ዝርዝር ላይ የሰፈረ እያንዳንዱ ነገር የፕሮግራሙ ዲፔንደንሲ ነው።

እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ ዝምድናውንም፣ የሚፈለገውን ዕቃም። የስህተት መልእክቱ ላይ ሲመጣ የሚናገረው ስለ ዕቃው ነው። አማርኛው ለይቶ መያዝ ያለበት ይህን ነው።

የታጩት ቃላት

«ጥገኝነት» ከ«ተጠጋ» ጋር የሚዛመድ፣ የተጠጊውን ሁኔታ የሚናገር ቃል ነው። የተጠጋበትን አይናገርም። በዚያ ላይ ሌላ ሸክም አለበት። በሥነ ሕይወት ትምህርት ጥገኛ ሲባል ተውሳክ ነው። በስደት ለሚኖረው ወገናችን ደግሞ ጥገኝነት ማለት ማመልከቻ፣ ቃለ መጠይቅና የዓመታት ጥበቃ ነው። ላይብረሪ የሚጠቀም ፕሮግራም ተውሳክም ስደተኛም አይደለም።

«ደጋፊ» አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ዕቃውን ይጠራል። ነገር ግን በኳስና በፖለቲካ ተይዟል፤ «የቴክኒክ ድጋፍ» ከሚለው ጋርም ይምታታል።

«ቅድመ ሁኔታ» ብዙዎች የሚመርጡት ነው። ጉድለቱ ጊዜ ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታ አንዴ ከተሟላ ያለፈ ነገር ነው። ዲፔንደንሲ ግን ፕሮግራሙ በሠራ ቁጥር ያስፈልጋል። ዛሬ ተሟልቶ ተጭኖ ከወር በኋላ ቢነሳ፣ ፕሮግራሙ ያኔ ይወድቃል።

«ምሰሶ» ውብ ቃል ነው፤ ግን ምሰሶ የቤቱ አካል ነው፣ ለአንድ ቤት ብቻ ይቆማል። ላይብረሪ ግን ራሱን ችሎ የተቀመጠ፣ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው።

«ምርኩዝ»ስ? ምርኩዝ ከሰውየው ውጭ ያለ፣ የራሱ ህልውና ያለው ዕቃ ነው። አንዱ ሲያስቀምጠው ሌላው ያነሳዋል። ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ምርኩዙ ቢሰበር መውደቁ አይቀርም፤ ያኔ ማንም ሰውየውን ቀይሩት አይልም። ከሁሉም በላይ ምርኩዝ ቁመት አለው። ያጠረም የረዘመም ምርኩዝ አያስኬድም፤ ለተመርኳዡ መመጠን አለበት። የፕሮግራም ቨርዥን ማለት ይኸው ነው።

ሥሩም እንግዳ አይደለም። «ጥናቱን ተመርኩዞ»፣ «በማስረጃ ላይ የተመረኮዘ» እያልን በየቀኑ እንጽፋለን። ከዚያው ሥር ቤተሰቡን በሙሉ ማውጣት ይቻላል። የሚደገፈው ፕሮግራም «ተመርኳዥ» ነው፤ ዝምድናው «መመርኮዝ» ነው። አንዱ ምርኩዝ ራሱ ሌላ ምርኩዝ ሲፈልግ «የምርኩዝ ሰንሰለት» ይሆናል። ሁለት ፕሮግራሞች የአንዱን ምርኩዝ የተለያየ ቁመት ሲጠይቁ «የምርኩዝ ግጭት» ይባላል። ፕሮግራሙ ተነስቶ ያለ ሥራ የቀረው ላይብረሪ ደግሞ «ተመርኳዥ ያጣ ምርኩዝ» ነው፤ በር ጥግ ተደግፎ ባለቤቱ እንዳልተመለሰለት ዱላ።

ሦስቱ መልእክቶች

ቃሉ የሚፈተነው ሥራ ላይ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ጥቅሎችን የሚጭነው አፕት፣ ምርኩዝ ሲጎድል የሚናገረው በአብዛኛው በሦስት መንገድ ነው። ሦስቱ ተመሳስለው ስለሚታዩ ብዙ ሰው አንድ ላይ ይደፍቃቸዋል። ሦስቱ ግን የተለያየ በሽታ ናቸው።

የመጀመሪያው «ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ሊጫን የሚችል አይደለም» የሚለው ነው። ምርኩዙ ስሙ ተጠርቷል፤ ሰርቨሩ ጥቅሎችን በሚያወርድባቸው ማከማቻዎች ውስጥ ግን የለም። ምክንያቱ የማከማቻው ዝርዝር አለመታደሱ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በአፕት አፕዴት ይፈታል። ወይም ጥቅሉ የሚገኝበት የማከማቻ ክፍል፣ ለምሳሌ የኡቡንቱው ዩኒቨርስ፣ አልተከፈተም። ወይም ጥቅሉ የተዘጋጀው ለሌላ የስርዓተ ክወና እትም ነው።

የእኛ የዚያ ምሽት ችግር ይህ የመጨረሻው ነበር። ከእኛ ጋር የቆየው የመጫኛ ፋይል ለኡቡንቱ 20.04 የተዘጋጀ ነበር። 20.04 ሊብኤስኤስኤል 1.1 አለው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 የወጣው 22.04 ግን ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ተሻግሮ አሮጌውን ትቶታል። «ሦስት ከአንድ ይበልጣል፤ ለምን አይበቃውም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ላይብረሪውን የሚፈልገው ከነቁጥሩ በተጻፈ የፋይል ስም ነው፤ የ1.1ን ፋይል ሲፈልግ የ3ን አይቀበልም። ስሙን አስመስሎ ማታለልም አያዋጣም፤ ውስጡ ያሉት ነገሮች ተለውጠዋል። መፍትሔው ለ22.04 የተዘጋጀውን ፋይል ማምጣት ነበር። እሱ የሚመረኮዘው ሊብኤስኤስኤል 3 ላይ ነው፤ ሊብኤስኤስኤል 3 ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ቀድሞም ነበር። ወዲያው ተጫነ።

ሁለተኛው መልእክት «ይህ ቨርዥን ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን የሚጫነው ያኛው ነው» ይላል። ምርኩዙ አለ፤ ቁመቱ ግን አይመጥንም። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከዋናው ማከማቻ ውጭ የተጨመረ ሌላ ማከማቻ ነው። አንዱ አዲሱን ያቀርባል፣ ሌላው አሮጌውን ይጠይቃል። አፕት ካሽ ፖሊሲ የሚለው ትዕዛዝ አንድ ጥቅል በየትኛው ማከማቻ በየትኛው ቨርዥን እንዳለና ሰርቨሩ የትኛውን እንደመረጠ ያሳያል። እሱን ሳያዩ መነካካት በጨለማ መዳሰስ ነው።

ሦስተኛው «ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ሊጫን አይደለም» የሚል ነው። ይህ ከመጀመሪያው ጋር ይምታታል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እዚህ ምርኩዙ ማከማቻው ውስጥ አለ። አፕት ያልጫነው ምርኩዙ ራሱ የሚመረኮዝበት ነገር ስለጎደለ ወይም ከሌላ ጋር ስለተጋጨ ነው። መንገዱ ሰንሰለቱን መውረድ ነው። ምርኩዙን በስሙ ጠርቶ ለብቻው ለመጫን መሞከር፤ ያኔ ስለ ራሱ ጉድለት ይናገራል። ከዚያ ደግሞ እሱ የጠራውን ምርኩዝ እንዲሁ መሞከር። እንዲህ እየወረዱ ሲሄዱ ከላይ ያለው ጩኸት ጸጥ ይላል፤ እውነተኛው ስብራት ከታች ብቻውን ይቀራል።

ከእነዚህ ሥር አፕት «ተይዘው የቆዩ የተሰበሩ ጥቅሎች አሉ» ብሎ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው አስደንግጣለች። የተሰበረ ጥቅል ሳይኖርም፣ ምርኩዞቹን ማስማማት ሲያቅተው ትወጣለች። በእርግጥ የተያዘ ጥቅል መኖሩን በአፕት ማርክ ሾውሆልድ ማየት ይቻላል። ባዶ ከመለሰ ወደ ላይ ተመልሶ ከሦስቱ መልእክቶች የትኛው እንደተጻፈ ማንበብ ነው።

የማይደረጉ ነገሮች

ሰው ሲደክመው ሁለት አቋራጮች ያያል። አንደኛው ጫኙን «ምርኩዙን አትጠይቅ፤ ዝም ብለህ ጫን» ብሎ ማስገደድ ነው። ከአፕት ሥር ያለው ጥቅል ጫኝ ዲፒኬጂ ይህን ይፈቅዳል፤ ተርሚናሉም ዝም ይላል። ውድቀቱ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ እንጂ አልጠፋም፤ ፕሮግራሙ ሥራ እስኪጀምር ይጠብቃል፣ የሚያገኘውም ደንበኛውን ነው። ሁለተኛው የጠፋውን ላይብረሪ ከአሮጌ እትም አውርዶ መጫን ነው። ይህ ሊሠራ ይችላል፤ አደጋውም መሥራቱ ነው። የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 የነጻ ድጋፍ እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 አብቅቷል። በእጅ የገባው ላይብረሪ ማከማቻው ውስጥ ስለሌለ የደኅንነት ማስተካከያ በመደበኛው መንገድ አይደርሰውም። ምስጠራን የሚያህል ነገር ምስጥ በገባበት ምርኩዝ ላይ ማቆም ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይያዝ። አፕት «አስተካክል» ሲባል አንዳንዴ የሚያስተካክለው ጥቅሎችን በማንሳት ነው። ከመቀጠሉ በፊት «የሚከተሉት ይነሳሉ» ብሎ ይዘረዝራል። እሺ ከማለት በፊት ያችን ዝርዝር በጣት እየተከተሉ ማንበብ ነው። ዳታቤዙ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ከየት መጣን?

የዴቢያን ፕሮጀክት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የጥቅል ጫኙ ዲፒኬጂ ምርኩዝ መጉደሉን መናገር ይችላል እንጂ ሄዶ አያመጣም። ሰው የጎደለውን በእጁ ፈልጎ ያመጣል፤ ያኛው ሌላ ይጠይቃል፤ ሌላው ሌላ። ባለሙያዎች ይህን ስቃይ በእንግሊዝኛ ሲኦል ብለው ጠርተውታል። በአማርኛ «የምርኩዝ አበሳ» ብንለው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የቀረበው አፕት ሰንሰለቱን ራሱ ተከትሎ ማምጣት ቻለ። ዛሬ በአንድ ትዕዛዝ ሠላሳ ጥቅል ሲወርድ የምናየው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቅለቱ ግን የምንመረኮዝባቸውን እንድንረሳ አድርጎናል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2016 የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ከሚከማቹበት ከኤንፒኤም አንድ ደራሲ ጥቅሎቹን አነሳ። ከእነሱ አንዷ ሌፍት ፓድ ነበረች፤ ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ የምትሞላ፣ 11 መስመር ብቻ ያላት። በዓለም ዙሪያ በርካታ ፕሮጀክቶች ወዲያውኑ መገንባት አቃታቸው። አብዛኞቹ ስሟን ሰምተውት አያውቁም፤ በሰንሰለቱ ታች ግን በእሷ ቆመዋል። በሰዓታት ውስጥ ተመለሰች። ዲፔንደንሲ የግድ ትልቅ መሆን እንደማያስፈልገው ያን ቀን ታየ፤ ቀጭን ዘንግም ሰው ያቆማል።

ቃሉ ለምን ያስጨንቀኛል?

አማርኛ ኮምፒውተር ላይ እንግዳ አይደለም። የዴቢያን የመጫኛ ገጽ እንኳ በአማርኛ ተተርጉሟል። ሥራው ውስጥ ስንገባ ግን ስህተት የምናነበው በእንግሊዝኛ፣ ለልጆቻችን የምናስረዳው በግማሽ ትርጉም ነው። ግማሽ ትርጉም ደግሞ እጅን ወደተሳሳተ ቦታ ይልካል፤ ያን ምሽት በዓይኔ አይቼዋለሁ። «ዲፔንደንሲ» የሚለውን መጠቀም ነውር አይደለም፤ እኔም ስናገር እለዋለሁ። ስናስተምር ግን ከጎኑ የሚያስረዳ ቃል ይኑር።

በማግሥቱ ያች ወጣት በቢሮው ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፋ አገኘኋት፤ እያንዳንዳቸው ለአንዱ መልእክት።

ምርኩዙ አለ ወይ?
ቁመቱ ይመጥናል ወይ?
እሱስ በምን ቆሟል?

ከሥር ያለው የእጅ ጽሑፍ ግን የእሷ አልነበረም። ሌላ ተለማማጅ ስለራሱ ስህተት «ሁለተኛው ነው፤ ቁመቱ አልመጠነም» ብሎ መልስ ጽፎበታል።