ሙቀት አበባን እንደሚያመክን እንዴት ታወቀ?

ባለፈው በጋ በትምህርት ቤታችን አትክልት ቦታ የተከልነው ቲማቲም ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ አበባው እየረገፈ አስቸገረን። ውኃ አንሶት ነው ብለን ጧትና ማታ አጠጣነው፤ ነገር ግን ፍሬ አልያዘም። ከዚያ በኋላ ስለ አበባ ታሪክ ሳነብ፣ ጥፋቱ የውኃ ሳይሆን የሙቀት ሊሆን እንደሚችል ተረዳሁ። ውድ አንባቢዎችም ይህን ታሪክ እንዲያውቁት በአጭሩ እጽፋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴምር የሚያለሙ ሕዝቦች የወንዴውን አበባ በሴቴው ላይ ማራገፍን ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ምክንያቱን በፈተና ያስረዳው ግን በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ የነበረው ሊቅ ሩዶልፍ ካሜራሪዩስ ነው። እርሱም የጉሎን ወንዴ አበቦች ሳይፈነዱ ቀነጠሳቸው፤ የበቆሎንም ጸጉር ቈረጠው። ጉሎው ባዶ ቅርፊት አወጣ፤ በቆሎውም ፍሬ ሳይዝ ቀረ። ይህንንም በ1694 ጽፎ አስታወቀ። ሁለቱም ተክሎች በአገራችን ጓሮ የሚበቅሉ ስለሆኑ ማንም ሊፈትነው ይችላል። በ1824 ደግሞ ጆቫኒ አሚቺ የተባለ ኢጣሊያዊ፣ የአበባ ዱቄት በሴቴው ጫፍ ላይ ባረፈ ጊዜ ቀጭን ቧንቧ ሲያወጣ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ዘር የሚፀነሰው ይህ ቧንቧ ወደ ማኅፀኑ ሲደርስ ነው።

ሙቀት ይህን መንገድ እንዴት እንደሚዘጋው ግን በሩዝ ላይ በደንብ የተመረመረው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። በ1960 በፊሊፒንስ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ሳታኬና ዮሺዳ የተባሉ ጃፓናውያን ሊቃውንት በ1978 ያወጡት ጽሑፍ ዋነኛው ነው። አበባው በሚከፈትበት ሰዓት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢቈይ እንኳ ብዙ አበባ ይመክናል። የዱቄቱ ከረጢት በሚገባ አይፈነዳም፤ ጥቂት ዱቄት ብቻ ይረግፋል፤ የረገፈውም ብዙ ጊዜ ቧንቧ አያወጣም። ተክሉ ግን አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆም፣ ገበሬው ጥፋቱን የሚያየው በመከር ጊዜ ዛላው ባዶ ሲሆን ነው።

ጥፋቱ የሰዓት ከሆነ መድኃኒቱም በሰዓት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ኢሺማሩና ባልደረቦቹ ማልዶ የሚያብበውን የዱር ሩዝ ከእርሻ ሩዝ ጋር አዳቀሉት። በ2010 እንዳስታወቁት፣ የተገኘው ዘር ፀሐይ ሳትበረታ አብቦ ከሙቀቱ ያመልጣል።

ዛሬ የዓለም ሙቀት እየጨመረ ስለሆነ ይህ ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች የእርሻን ነገር ስንመለከት በቅጠል ልምላሜ ብቻ ሳንታለል፣ አበባውን ቀርበን፣ ሰዓቱንም ጽፈን እንመርምር።