ጠራቢው የት ሄደ?

የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል ነበር። ስሟን ያስለወጣት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማን ሠራው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ራስ አዳል ተሰማ፣ በጥር 1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ንጉሥ ጭቃ አያቦካም፣ ግንድ አይጠርብም።

የጎጃም ደጋ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሥራው የሚጀምረው በችካልና በገመድ ነው። ችካሉ መሐል ይተከላል፣ ገመዱ ተወጥሮ ይዞራል፣ የቅኔ ማኅሌቱና የቅድስቱ ክብ መሬት ላይ ይሰመራል። መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው። ካሬውን ከክቡ አስታርቆ ሁለቱንም በአንድ ሾጣጣ ጣሪያ ሥር ማዋል ስሌት ይጠይቃል፤ አናጢው ግን ወረቀት አልነበረውም። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የምናየው ሥዕልም ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው፤ ጠርዙ በተላጠበት ቦታ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ድርና ማጉን ይለያል።

የቤት ዕቃውም ከዚያው እጅ አይርቅም። ጠፍር አልጋን እንውሰድ። እርጥብ የበሬ ቆዳ ከዳር ጀምሮ እየተዞረ እንደ ገመድ ይተለተላል፤ በአልጋው ቋሚዎችና አግዳሚዎች መካከል ሳይደርቅ ይጠላለፋል። ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ራሱ ሰቅዞ ይይዘዋል። ምስማር የለም። በእኔ ግምት ዛሬ ከከተማ ሱቅ ከምንገዛው አልጋ አብዛኛው ይህን ያህል አይታሰብበትም።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር ኧርነስት ጊምሰን የሚባል አርክቴክት ነበር (እ.ኤ.አ. 1864–1919)። በዊሊያም ሞሪስ ትምህርት ተማርኮ፣ የፋብሪካ ዕቃ የሠሪውን እጅ ገደለው ከሚሉት ወገን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1890 ፊሊፕ ክሊሴት ከተባለ የገጠር ወንበር ሠሪ ዘንድ ሄዶ ሙያውን ተማረ፤ ኋላም ለንደንን ትቶ ወደ ኮትስዎልድ ገጠር ገባ። ቤትም ይነድፋል፣ ወንበርና ቁም ሣጥንም ይነድፋል። የሚገርመኝ ግን የእሱ ዝና አይደለም። የአናጢዎቹ አለቃ ፒተር ዋልስ፣ ብረቱን የሚቀጠቅጥለት አልፍሬድ በክኔል፣ ያ የገጠር ወንበር ሠሪ ጭምር በስማቸው መታወቃቸው ነው።

እኛ ዘንድ ቀጥቃጩና ፋቂው ስሙ ሊጻፍ ቀርቶ በሥራው ይሰደብ ነበር፤ ቡዳ ነው እየተባለ ይፈራም ነበር። አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው እስከማወጅ የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ብሩሽ የያዘው ዕድሉ የተሻለ ነበር፤ ሥዕል የቤተ ክህነት ሙያ ስለሆነ ሠዓሊው ከሊቃውንቱ ጋር ይቀመጣል። ቢሆንም እሱም በአብዛኛው በሥራው ላይ ስሙን አይጽፍም።

ከዚህ ሁሉ መሐል ደምቆ የወጣው አንድ ሰው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። ከዓባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ጎጃም ገብተው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አደጉ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ሠዓሊ ሆኑ። ዛሬ የምናውቃቸው ግን በሥዕላቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከነጭራሹ ባላወቅናቸው ነበር። የጎጃምን ታሪክና የትውልድ ሐረግ በአማርኛ ጻፉ፤ ድርሳናቸው በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነትና ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ለዓለም አንባቢ ደረሰ። ተወላጁ ያልጻፈውን ያህል የአገሩን የዘር ቆጠራ የጻፈው ከማዶ የመጣ ልጅ መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው ተመለሱ፤ ጥቂት ቆይተውም የአባታቸውን ቤተ መንግሥት በፈረንጅ ቤት አምሳል አሳደሱት። ከዚያ ወዲህ በደጋው ሳር ክዳኑ በቆርቆሮ፣ ጭቃው በሲሚንቶ እየተተካ መጥቷል። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲስ ሲታነጽ የሚጣለው በር ላይ የመጥረቢያው ጠባሳ አለ፤ በሩን ማን እንደጠረበው የሚያስታውሱ አዛውንትም በየደብሩ ይገኙ ይሆናል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲፈልጉ መጀመሪያ ወደነዚህ ሽማግሌዎች ቢሄዱ እመኛለሁ።