የእናቴ ወደብ፦ ጅቡቲን በ87 ማካፈል

ዛሬ ስለ ጭነት ዋጋም ስለ ጉምሩክም አላወራም። የማወራችሁ በቤቴ ጓዳ ስላለ አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ የድሮውን የጅቡቲ ወደብና ባቡሩን በትንሹ እየሠራሁ ነው። እንደ ጨዋታ ነበር የጀመርኩት፤ ኋላ ግን ታሪክ ያስተምረኝ ጀመር።

የሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ልክ 1 ለ87 ነው። የእውነተኛውን ነገር ልክ ወስዶ ለ87 ማካፈል ማለት ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 20 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በሙሉ ልሥራው ብትሉ 9 ኪሎ ሜትር ቦታ ያስፈልጋችኋል! እኔ የመረጥኩት የወደቡን ጫፍ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሐዲዱ ላይ ነበር። በየሱቁ የሚገኘው የሞዴል ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 16.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ይህ ስፋቱ 1435 ሚሊሜትር የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲሱ ባቡር ልክ ነው። የድሮው ሌላ ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የዚያ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ሐዲዱን የተሸከሙት አግዳሚዎችም ብረት ስለነበሩ የእንጨት ቀለም የቀባሁትን ፍቄ ዝገት አስመሰልኩት።

ከዚያ መሬቱን ሠራሁ። የድሮዋ ጅቡቲ ኤሮን፣ ሰርፓንና ማራቡ በሚባሉ የኮራል ድንጋይ ከፍታዎች ላይ የተቆረቆረች ናት፤ ያገናኛቸውም ባሕር ላይ ተደልድሎ የተሠራ መንገድ ነው። የቡና ጆንያዎቹን ከሸክላ ጭቃ ጠፈጠፍኩ፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጆንያ 11 ሚሊሜትር ይወጣዋል። ሸራውን ሙጫ ከነከርኩት ሶፍት ሠራሁት፤ እውነተኛ ጨርቅ በዚህ ልክ ወፍራም ሆኖ ያስቃል። ወደቡን በመርከብ ሞላሁት፤ ዳር ዳሩንም ኮንቴይነር ደረደርኩበት። ሲያምር!

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። እናቴ ከድሬዳዋ ጅቡቲ በባቡር የነገደች ሴት ናት። መጀመሪያ የተጓዘችው በ1960 ዓ.ም. ከአክስቷ ጋር ነው፤ ያኔ ልጅ ነበረች። ሲሄዱ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሲመለሱ ጨርቅና ሽቶ። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና፣ «ይሄ የማን ወደብ ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ ነዋ።»

«ያኔ ይሄ የብረት ሳጥን የት ነበር? ሁሉ በሰው ጀርባ ነበር እኮ።»

እውነቷን ነው። የኮንቴይነር ልክ በዓለም ደረጃ መወሰን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ጅቡቲም የኮንቴይነር ተርሚናል ያገኘችው በ1985 ነው። ሳጥኖቹን አነሣሁና በቦታቸው ጆንያ የተሸከሙ ወዛደሮች አቆምኩ። አንዱን ኮንቴይነር ለመተካት ስንት ሰው እንዳስፈለገኝ ብታዩ!

«መርከቡም በዛ» አለች። ይህንንም መጽሐፍ አገላብጬ አረጋገጥኩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1967 በእስራኤልና በአረቦች ጦርነት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ እስከ 1975ም አልተከፈተም። ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚሄዱት መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ የጅቡቲም ገበያ ተቀዛቀዘ። አንድ ጭነት መርከብና ሁለት ሳምቡክ ብቻ ትቼ ሌላውን አነሣሁ።

ሦስተኛውን ስትናገር ድምፇ ዝቅ አለ። «ሽቦውስ? ሽቦውን የት አደረግከው?»

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ ነጻነት የጠየቁ ሰልፈኞች ወጡ፤ ደምም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮቹ ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይገባ ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠሯት። ጅቡቲ ነጻ እስክትወጣ እስከ 1977 ድረስ ሽቦው የሰው መለያ ነበር። እናቴ ከሽቦው ውጭ ስለቀሩ ሰዎች ነገረችኝ፤ እሷና አክስቷም አንድ ጊዜ ወረቀታችሁ አልተሟላም ተብለው ከነሸቀጣቸው ተመልሰዋል። ቲማቲሙ መንገድ ላይ በሰበሰ። ይህን እስከዚያ ቀን ነግራኝ አታውቅም።

ሽቦውን ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ መዝዤ በቀጫጭኑ ገመድኩት። ምሰሶውን ሁለት ሜትር ብዬ ገመትኩና ክብሪት እንጨት በ23 ሚሊሜትር ቆረጥኩ። ከሩቅ ሲያዩት አይታይም፤ ጎንበስ ማለት ይፈልጋል።

እኛ ነጋዴዎች ስለዚያ ባቡር ስናወራ ሙዚቃውንና ሳቁን እናስቀድማለን። እሱም እውነት ነው። ነገር ግን ልክ ማለት የሐዲዱን ስፋት ማስተካከል ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት የነበረው ይኑር፣ ያልነበረው ይውጣ ማለት ነው፤ የሚያስከፋውም ቢሆን። ኮንቴይነሩ ቢቀር ኖሮ ወዛደሩ ይረሳ ነበር። ሽቦው ባይኖር እናቴ የከፈለችው ዋጋ አይታይም ነበር።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ 17 ሚሊሜትር የሆነች ልጅ፣ ቋጠሮ ተሸክማ ከአንዲት ሴት ጎን የቆመች። የነጠላዋን ጥለት ቀለም እናቴን ጠይቄያለሁ፤ «ቆይ ላስታውስ» ብላኛለች። እናንተም እናት፣ አክስት ወይም አያት ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ምን ይዘው ነበር? የት አስወረዷቸው? እነሱ ካልነገሩን የሚነግረን የለም።