ሐይቅና ግሸን፦ ሁለት እርጅናዎች

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ስልሳ ሲሞላው ጋቢ አልብሰን፣ አጨብጭበን እንሸኘዋለን። ከዚያ ወዲያ ስላለው ዕድሜ እምብዛም አናወራም። በ1961 እ.ኤ.አ. ኢሌን ከሚንግና ዊልያም ሄንሪ የተባሉ ምሁራን ይህን የሽኝት ነገር ንድፈ ሐሳብ አደረጉት፦ አዛውንትና ኅብረተሰብ ቀስ በቀስ መራራቃቸው የተፈጥሮ ሕግ ነው አሉ። ብዙ ትችት ወረደባቸው። እኛም ወሎን አይተን ብንተች ምን ይለናል?

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1214 እ.ኤ.አ. ገደማ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ደብረ ዳሞ ተምረው፣ በ1248 አካባቢ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገቡና እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ አርባ አምስት ዓመት ያህል፣ አስተማሩ። ደቀ መዝሙራቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዕድሜ እኩያቸው ነበሩ ማለት ይቻላል። ደብረ አስቦን፣ የዛሬውን ደብረ ሊባኖስ፣ የመሠረቱት በ1284 ገደማ ነው፤ ወደ ሰባ ሲጠጉ። በእኛ ሕግ ቢሆን ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር! ከዚያ በኋላም ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሩ።

ከሁሉ የሚገርመን ግን የቆቡ ነገር ነው። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት እንደሚለው ተክለ ሃይማኖት ከኢየሱስ ሞዓ ቀሚስና ቅናት ተቀበሉ፤ ቀጥሎ ደብረ ዳሞ ሄደው ከአባ ዮሐኒ ቆብና አስኬማ ወሰዱ፤ ተመልሰውም እነዚህኑ ለመምህራቸው ሰጡ። ተማሪ መምህሩን አመነኮሰ! የሐይቅ ወገን በዚህ አይስማማም፤ ማን ለማን ሰጠ የሚለው ክርክር የክብርም የሥልጣንም ጉዳይ ነበረና። የክርክሩ ፍርድ ለሊቃውንቱ ይቆየን። እኛን የሳበን ሸምገል ያለ መምህር ካሳደገው ሰው ይቀበላል ብሎ ማሰብ የሚችል ማኅበረሰብ መኖሩ ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ተተኪ ማፍራትን ለጎልማሳ፣ የኖሩትን ሕይወት መቀበልን ለሽማግሌ መድቦ ነበር። ሐይቅ ላይ ሁለቱ ተደባልቀዋል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን አምባሰል አለ፤ አምባሰል ውስጥ ደግሞ ግሸን። ግሸን አምባ ላይ ዙፋን ይሻማሉ የተባሉ የንጉሥ ዘሮች ይጋዙ ነበር። ናዖድ በ1494 ከዚያ ወርዶ ነገሠ፤ ብዙዎቹ ግን እዚያው አርጅተው ቀሩ። በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ስተው ወደ አምባው ቢጠጉ በድንጋይ እንደተባረሩ ጽፏል። የተጋዙት ሚስትና ልጅ ነበራቸው። ያጡት፣ ለምክር እንኳ የሚፈልጋቸው ሰው ነው። የእነ ከሚንግ መራራቅ ይኸው፤ ግን በዘበኛ የመጣ እንጂ በተፈጥሮ አይደለም።

ሽማግሌ የሚፈለግበት ወግ ግን በደቡብ ወሎ ዛሬም አለ። ሰው ተገድሎ ደም ሲቃቡ አበጋሮች ገብተው ደም ያደርቃሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይታዘዛቸዋል። ለዚህ ሥራ የሃያ ስድስት ዓመት ዲግሪ አይበቃም፤ የእኛን ጨምሮ።

ኢየሱስ ሞዓ በ1280 ወይም በ81፣ ወደ ሰባ ሲገሰግሱ፣ ለገዳማቸው አንድ የአራቱ ወንጌል ብራና ሰጥተዋል። የራሳቸውም ሥዕል አለበት። ብራናው የሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርስ ነው፤ ገዳሙ ደግሞ ሴት አያስገባም። እኛ ከዳር ቆመን ውሃውን አየን።