ስለ ጥንታዊ ጠላ አጠማመቅና ስላልተጻፈ ዕውቀት

«ነገር ከሥሩ፥ ውኃ ከጥሩ» ይላሉ አበው። ታሪክ ማለት የነገሥታት ስምና የጦርነት ቀን ብቻ የሚመስላቸው ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሰው በየዕለቱ የሚበላውና የሚጠጣውም ታሪክ አለው፤ ይህም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጽሐፍ ሣጥን ሳይሆን በጓዳ ውስጥ ነው። እኔም በራቤል ተቀምጬ፥ የቀድሞ ሰዎች መጠጣቸውን እንዴት ይሠሩ እንደ ነበር ለማወቅ፥ በመጽሐፍ ያለውን አንብቤ፥ በእጅ ያለውን ሠርቼ መርምሬአለሁ። ያገኘሁትንም ለእናንተ ለወጣቶች ልነግራችሁ እወዳለሁ። ይህን የምጽፈው መጠጥን ለማመስገን ወይም ስካርን ለማስተማር አይደለም፤ ነገሬ ስለ ዕውቀት ነው።

አስቀድመን የነገሩን ጥንታዊነት እንመልከት። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ስለ ቤጃ ዘመቻ ታሪክ አስቀርጾ ነበር። በዚያ ድንጋይ ላይ፥ የተማረኩትን ስድስት አለቆች ከነሕዝባቸው ወደ ሌላ አገር ባዛወራቸው ጊዜ፥ በመንገድ ከሰጣቸው ምግብና መጠጥ መካከል ጠላ ተቈጥሮ ይገኛል። ጠላ በግዕዝ ስዋ ይባላል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችንም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። እንግዲህ ከ1600 ዓመት በፊት ጠላ የመንግሥት ስንቅ ነበረ ማለት ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ስንሻገር ደግሞ፥ በሜሶጶጣሚያ የኖሩት ሱሜሮች ኒንካሲ ለምትባለው የመጠጥ አምላካቸው ያቀረቡት መዝሙር ከዛሬ 3800 ዓመት ገደማ በፊት በሸክላ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። መዝሙሩ የአጠማመቁን ሥርዓት ስለሚናገር፥ በ1989 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በሳን ፍራንሲስኮ የነበረው አንከር የተባለው የቢራ ፋብሪካ ከሊቃውንት ጋር ተማክሮ ያንኑ መጠጥ እንደ ገና ጠምቆታል። የሚያስደንቀው ነገር፥ ሱሜሮች በጥንስሳቸው ውስጥ የተጋገረ እህል ይጨምሩ የነበረ መሆኑ ነው። ይህን ስሰማ የእናቶቻችን እንኩሮ ትዝ አለኝ።

የእኛስ አገር አሠራር የት ተጽፎ ይገኛል? ብዬ ስፈልግ፥ ከ1769 እስከ 1772 በአገራችን የቈየው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አገኘሁ። ብሩስ ስለ ጤፍ ሲጽፍ አሠራሩን ያመለክታል። የጤፉ እንጀራ ሳያርር በእሳት ደኅና ሆኖ ይደርቃል፤ ተቈራርሶም በማሰሮ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ይፈስበታል። ማሰሮው ተከድኖ በእሳት ዳር እየተማሰለ ጥቂት ቀን ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ወይም አራት ቀን እንዲረጋ ይተዋል። ሲኮመጥጥም የአገሩ ሰው መጠጥ ይሆናል ይላል።

እኔም ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይህንኑ አደረግሁ። ከቈላ የመጣ ጤፍ ገዝቼ አስጋገርሁ፤ አደረቅሁ፤ በምድጃ ዳር አስቀምጬ አማሰልሁ። በመጨረሻ የወጣው ነገር የኮመጠጠ፥ የቀጠነና ኃይል የሌለው ውኃ ነበረ። ጠላ በመጥመቅ የታወቁ አንዲት የጎረቤቴ ባልቴት ቀምሰው ሣቁና፥ «ልጄ፥ ይህ የእንጀራ እጣቢ ነው እንጂ ምኑ ጠላ ነው? ብቅሉስ? ጌሾውስ?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ብሩስ በዚያ ክፍል ብቅልንም ጌሾንም አያነሣም። ሰውየው ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ያየው ሌላ ቀጭን መጠጥ ይሆናል፤ ወይም እንግዳ ሰው በጓዳ በር ቆሞ የሚያየው ይህን ያህል ብቻ ይሆናል። መጽሐፍ የጻፈው ሰው የማያውቀውን ነገር ሊነግረን አይችልም።

ስለዚህ ደብተሬን ይዤ ከባልቴቷ እግር ሥር ተቀመጥሁ። በፊት ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው አጠቡና በወይራ ጢስ አጠኑት። የተወቀጠውን ጌሾና የተፈጨውን ብቅል በውኃ አድርገው ጠነሰሱ። ጥንስሱ ሲብላላ፥ የመንዝን ገብስ አምሰው አሻሮ አደረጉና አስፈጩት፤ ዱቄቱንም በውኃ አርሰው በምጣድ ላይ እያገላበጡ እንኩሮ አወጡለት። እንኩሮው ሲቀዘቅዝ ከጥንስሱ ጋር ለወሱት፤ ይህ ድፍድፍ ነው። አፉን ከድነው ጥቂት ቀን ካቈዩት በኋላ ውኃ ሞሉበት። ገና ሳይጠራ የሚቀዳው ጉሽ፥ በመጨረሻ ውኃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቅራሪ ይባላል፤ አተላው ለከብት ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ የሚጣል ነገር የለም።

ባልቴቷ ሲሠሩ ሚዛን አልነበራቸውም። መጠኑን ስጠይቃቸው «እጄ ያውቀዋል» አሉኝ። እኔ ግን እፍኛቸውን ሁሉ እየተቀበልሁ በሚዛን መዘንሁት፤ ለአንድ እጅ ጌሾ ሁለት እጅ ብቅልና ስድስት እጅ ያህል እህል ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠምቁም ብመዝነው ከዚያ ብዙ አልራቀም። የሙቀቱን ልክ በመዳፋቸው፥ የጥንስሱን መድረስ ጆሮአቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው በድምፁ ያውቃሉ።

ዛሬ ሳይንስ የዚህን ሁሉ ምክንያት ይነግረናል። እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠረው ኃይል የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾውም ያንን ስኳር እየበላ አልኮል ያወጣል። የብሩስ እንጀራ ብቅል ስለሌለው ከመኮምጠጥ አላለፈም። ጌሾ ምሬት ይሰጣል፤ ጠላውንም ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። የአውሮፓ ሰዎች በሆፕ አበባ የሚያደርጉትን የእኛ እናቶች በጌሾ አድርገውታል። የባቫሪያ መሳፍንት በ1516 ስለ ቢራ ሕግ ባወጡ ጊዜ ገብስን፥ ሆፕንና ውኃን ብቻ ጠሩ፤ እርሾን አላነሡም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር የእርሾን ሥራ መርምሮ ስለ ቢራ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1876 ነው። እናቶቻችን ግን ስሙን ሳያውቁ ሥራውን ያዝዙት ነበር።

የገብሱም ነገር ቀላል አይደለም። የሩስያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ሲጐበኝ የገብሳችንን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደንቋል። በካሊፎርኒያ የገብስን እርሻ ያጠቃ የነበረውን ቢጫ አድራጊ የቫይረስ በሽታ ለመቋቋም የተዳቀለውም ዘር ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። በ1976 ደግሞ የዘር ማከማቻ ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ይህ ነው። በዚያ የተቀመጠው ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብዙ ዘመን ይቈያል። የባልቴቷ መዳፍ የሚያውቀው ነገር ግን በምን ክፍል ይቀመጣል? ጋኑ ቀርቶ የላስቲክ በርሜል ሲተካ፥ እንኩሮው ቀርቶ ሌላ ነገር ሲጨመር፥ የጠላ ስም ይቀራል እንጂ ጠላው አይቀርም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተም ወጣቷ እኅቴ፥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማንበብ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ሁሉ ያልታወቀ አይደለም። ፊደል ያልቈጠረችውን አያታችሁን መሃይም ብላችሁ ከመናቃችሁ በፊት፥ እርሷ የምታውቀውን እናንተ ታውቁት እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የባዕድ ተጓዥ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ ደብተር ይዞ በጓዳችን በር ሲቆም፥ እኛ የቤቱ ልጆች ገብተን ያለመጻፋችን ሊያሳፍረን ይገባል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፥ ይህ ሥራ ችኰላን አይወድም፤ ትዕግሥትን ይፈልጋል።

ጠላውንም በልክ ጠጡ፤ አለመጠጣትም ይቻላል፤ ዕውቀቱን ግን ሁላችሁም ውሰዱ። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ አያታችሁን ወይም እናታችሁን፥ «እማዬ፥ ይህን እንዴት ትሠሪዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሷን ጻፉ። እፍኟን መዝኑ። የምትጽፉበት ጊዜ እርሷ በሕይወት ሳለች ነው።